ጥርሱ ሳያልቅ የሚያረጅ ጎማ፦ ለአሮጌ ቮልስዋገን ምትክ ጎማ ግዢና የምርት ቀን አነባበብ

መግቢያ

ጎማ መለወጥ እንዳለበት ለመወሰን በአብዛኛው የሚታየው ጥርሱ ነው። ጥርሱ ያለቀ ይለወጣል፤ ያላለቀ ገና ያገለግላል ተብሎ ይታለፋል። ይህ ልማድ ከንጋት እስከ ምሽት ለሚሠራ ታክሲ ብዙም አያሳስትም፤ ጎማው ከማርጀቱ በፊት ያልቃልና። ለዓመታት ተጠብቀው ለቆዩና እሑድ እሑድ ወይም በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ለሚወጡ መኪኖች ግን ነገሩ ይገለበጣል። በዓመት 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና 40,000 ኪሎ ሜትር ሊሄድ የሚችለውን ጎማ ጥርስ ለመጨረስ 40 ዓመት ያስፈልገዋል። ጎማው የተሠራበት ላስቲክ ግን ይህን ያህል ዘመን አይጠብቅም።

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም የሚታየውን የመጀመሪያውን ቮልስዋገን፣ በተለምዶ አጠራሩ ቮልስን፣ ምሳሌ አድርጎ ለአሮጌ መኪና ምትክ ጎማ ሲገዛ «አዲስ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ይመረምራል። የሚያቀርበው ክርክር አንድ ነው፦ ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና የጎማ አዲስነት የሚለካው መንገድ ባለመንካቱ ሳይሆን በተመረተበት ቀን ነው፤ ይህ ቀን ደግሞ በኢትዮጵያ ገበያ በሌላ ስፍራ በማይገጥም ምክንያት በቀላሉ ሊሳሳት ይችላል። የዘመን አቆጣጠር የጽሑፉ አካል ስለሆነ፣ «ዓ.ም.» ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑ ከወዲሁ ይታወቅ።

ቮልስ መመረጡ በምክንያት ነው። በጀርመን የተሳፋሪው ዓይነት ምርት በ1978 ቆሟል፤ የመጨረሻው መኪና ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣው ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ለኢትዮጵያውያን ደግሞ መኪናው ከመጓጓዣነት ያለፈ ትዝታ አለው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ የተጣለው ከባድ ታክስ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከላቸው፣ በአገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ ማቆየትን የበለጠ አስፈላጊ አድርገውታል። ሞተሩ ይታደሳል፤ ቀለሙ ይቀባል፤ ወንበሩ ይለበሳል። ጎማው ግን ጥርስ እስካለው ድረስ የሚያስታውሰው የለም።

ላስቲክ እንዴት ያረጃል

የጎማ ላስቲክ ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች በሰልፈር ድልድዮች እርስ በርስ የተያያዙበት ቁስ ነው። ተለጥጦ ወደ ቦታው መመለስ የሚችለው ድልድዮቹ በመጠን ስለሆኑ ነው። ኦክስጅን ወደ ቁሱ ሲገባ በሰንሰለቶቹ መካከል ተጨማሪ ትስስር ይፈጠራል፤ ላስቲኩ ይጠነክራል፣ የመለጠጥ አቅሙ ይቀንሳል፣ ሲታጠፍም መሰንጠቅ ይጀምራል። ሙቀት ይህን ሂደት ያፋጥነዋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ኦክስጅኑ ከየት እንደሚመጣ ነው። ጎማው ውስጥ ያለው አየር በግፊት የታመቀ በመሆኑ ኦክስጅን ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በጎማው ግድግዳ በኩል ያለማቋረጥ ይሰርጋል። በራዲያል ጎማ ውስጥ በጥርሱ ሥር ሁለት የብረት ሽቦ መቀነቶች ተደራርበው ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው ስስ ላስቲክ ሲደርቅ ስንጥቁ ከመቀነቱ ጠርዝ ይጀምርና ቀስ በቀስ ወደ መሐል ይሄዳል። መኪናው በፍጥነት ረጅም መንገድ ሲሄድ ጎማው ይሞቃል፤ ያን ጊዜ ጥርሱ ከነመቀነቱ ሊላቀቅ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከዓይን በተሰወረ ቦታ ነው። የጎማው ጎን ጥቁርና ለስላሳ መሆኑ ስለ ውስጡ ምንም አይመሰክርም፤ በገበያ የሚሸጠው የጎማ ማስዋቢያ ቅባት ደግሞ ይህንኑ የማያስተማምን ምስክር የበለጠ አሳማኝ ያደርገዋል።

በውጭ በኩል የላስቲኩ ጠላት ኦዞን ነው። አምራቾች ይህን ለመከላከል ሰምና ጸረ ኦዞን ኬሚካሎችን ከላስቲኩ ጋር ይቀላቅላሉ። ጎማው ሲሽከረከርና ሲታጠፍ እነዚህ ወደ ገጹ እየወጡ ስስ መከላከያ ይሠራሉ። ቆሞ የሚውል መኪና ጎማ ስለማይታጠፍ መከላከያው እንደሚገባው አይታደስም። እንግዲህ መኪናን «እንዳይጎዳ» ብሎ ማቆም ለሞተሩ የሚኖረው ጥቅም ምንም ይሁን ምን ለጎማው እረፍት አይደለም። በዚያ ላይ ክብደቱን ለወራት በአንድ ቦታ የተሸከመ ጎማ ከሥሩ ጠፍጥፎ ይቀራል፤ ሲነዳም መሪውን ያንቀጠቅጣል።

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር በ2007 ለአገሪቱ ምክር ቤት ያቀረበው ሪፖርት ተጠቃሽ ነው። ሪፖርቱ ከአንድ የመድን ድርጅት ባገኘው መረጃ መሠረት፣ ከድርጅቱ ደንበኞች 27 በመቶ የሚሆኑት በአምስት ሞቃት ግዛቶች የሚኖሩ ሲሆን፣ ከጎማ ጋር ለተያያዘ ጉዳት ከቀረበው የካሣ ጥያቄ ግን 77 በመቶው የመጣው ከእነዚሁ ግዛቶች ነበር፤ ከዚህም ውስጥ 84 በመቶው ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት ያለፈ ጎማዎችን የሚመለከት ነበር። ውጤቱን ወደ ኢትዮጵያ ሲያመጡት ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአዲስ አበባ አየር ለዘብተኛ ነው። ነገር ግን ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ ያለች በመሆኗ ደጅ ውሎ ደጅ የሚያድርን ጎማ የሚያገኘው የፀሐይ ጨረር ጠንካራ ነው። ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ መኪና ደግሞ ሙቀቱንም፣ ፍጥነቱንም፣ ረጅሙን ጉዞም በአንድ ቀን ያገኛቸዋል። ደጋ ላይ ለዓመታት ቆሞ የደረቀ ጎማ የሚፈተነው ያን ቀን ነው።

ሕግና ምክር

መስከረም 10 ቀን 2012 በደቡብ እንግሊዝ ከአንድ የሙዚቃ ፌስቲቫል ወጣቶችን አሳፍሮ ሲመለስ የነበረ አውቶቡስ ሂንድሄድ በተባለ ስፍራ አቅራቢያ ከመንገድ ወጥቶ ሾፌሩን ጨምሮ ሦስት ሰዎች ሞቱ። የፈነዳው የፊት ጎማ ዕድሜው 19 ዓመት ነበር። ከረጅም ክርክር በኋላ ከየካቲት 1 ቀን 2021 ጀምሮ በብሪታንያ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ጎማ በጭነት መኪናና በአውቶቡስ የፊት እግር ላይ እንዳይገጠም ተከለከለ፤ በአነስተኛ አውቶቡሶችም ነጠላ ጎማዎች ላይ እንዲሁ። ሕጉ የቤት መኪናን አይመለከትም። ከከባድ መኪኖችም ቢሆን 40 ዓመት የሞላቸውንና ለንግድ የማይውሉትን ነጻ አድርጓል። ለባለንብረቶች የተደረገው ይህ አስተያየት የሚገባ ነው፤ ሆኖም ጎማ ቆሞ የሚያረጅባቸው መኪኖች በትክክል እነዚሁ መሆናቸው ሳያስገርም አይቀርም።

ሕግ ባልደረሰበት ቦታ የቀረው የአምራቾችና የማኅበራት ምክር ነው፤ ምክሩም ፍጹም አንድ ዓይነት አይደለም። የብሪታንያ የላስቲክ አምራቾች ማኅበር በ2001 ያወጣው ምክር ጥቅም ላይ ያልዋለ ጎማ ከስድስት ዓመት ካለፈው እንዳይገጠም፣ ማንኛውም ጎማ ደግሞ አሥር ዓመት ሲሞላው እንዲለወጥ ይላል። ሚሽላን ከአምስተኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመርና ከአሥር ዓመት እንዳያልፍ ይመክራል። ፎርድ ስድስት ዓመትን ይጠቅሳል። በጀርመን የጎማ ንግድ ልማድ እስከ ሦስት ዓመት የሆነው «ከፋብሪካ የወጣ አዲስ»፣ በአግባቡ ተከማችቶ እስከ አምስት ዓመት የቆየው ደግሞ «አዲስ» ተብሎ ይሸጣል። ከእነዚህ ሁሉ ለገዢ የሚጠቅመው የጀርመኑ ልዩነት ይመስላል፤ ምክንያቱም የሚናገረው ጎማው መቼ እንደሚጣል ሳይሆን ሲገዛ በምን ዕድሜ ላይ ሊሆን እንደሚገባ ነው። አምስት ዓመት መጋዘን የከረመ ጎማ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። ለቮልስ ባለቤት ግን ከአሥሩ ዓመት ግማሹን ሳይነዳበት ከፍሎበታል ማለት ነው።

አራቱ አኃዞችና ሁለቱ አቆጣጠሮች

የምርት ቀኑ በጎማው ጎን ላይ ተቀርጿል። «ዶት» በሚሉት የላቲን ፊደላት የሚጀምር ረጅም ኮድ አለ፤ ከ2000 ወዲህ በተመረቱት ላይ የኮዱ መጨረሻ አራት አኃዞች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። 2319 ማለት የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። መጨረሻው ሦስት አኃዝ ብቻ ከሆነ ጎማው ከ2000 በፊት የተመረተ ነውና ሌላ ጥያቄ ሳያስፈልግ ሊመለስ ይገባዋል። ቀኑን የያዘው ሙሉ ኮድ በአንድ ጎን ብቻ ሊቀረጽ ስለሚችል በአንዱ ጎን ከታጣ ጎማውን ገልብጦ ማየት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው በየትኛውም አገር የሚነገር ነው። በኢትዮጵያ ግን ዓመቱ የሚነበበው በሌላ አቆጣጠር በሚኖር ሰው ዓይን ነው። በ2018 ዓ.ም. ጎማ የሚገዛ ሰው በጎኑ ላይ 2017 የሚል ቁጥር ቢያይ አምና የተመረተ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ቁጥሩ ልክ እንደ ሙሉ ዓመተ ምሕረት ይነበባልና። በእውነቱ ግን ቁጥሩ የሚናገረው የ2017ን ሃያኛ ሳምንት፣ ማለትም የግንቦት 2009 ዓ.ም.ን ሁለተኛ ሳምንት ገደማ ነው። አምና የተባለው ጎማ ከስምንት ዓመት በላይ ሆኖታል። የአኃዞቹን ትርጉም በከፊል የሚያውቅ ገዢም ከዚህ ስሕተት አያመልጥም። 4518 የሚለውን አይቶ «አርባ አምስተኛው ሳምንት፣ ዓመቱ 18» ብሎ በትክክል ከከፈለ በኋላ 18ን ዘንድሮ አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ ጎማው ግን የጥቅምት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ምርት ነው። ስሕተቱ ምንጊዜም ወደ አንድ አቅጣጫ ማዘንበሉ ነው ከባድ የሚያደርገው፦ አቆጣጠሩን የዘነጋ ሰው ጎማውን ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት ያሳንሰዋል እንጂ አያስረጀውም። ይህ ልዩነት ከላይ የተጠቀሰውን የስድስት ዓመት ገደብ ብቻውን ይበልጣል።

ማስላቱ ግን ቀላል ነው። የመስከረም 1 ዕለት የሚውለው በአውሮፓውያኑ ዓመት 37ኛ ሳምንት ላይ በመሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ከ01 እስከ 36 ከሆኑ ከዓመቱ 8 ይቀነሳል፤ 37 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ 7 ይቀነሳል። 37ኛው ሳምንት ራሱ ዘመን መለወጫውን ስለሚያቅፍ የጥቂት ቀናት ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ ለጎማ ግዢ ይህ ከቁጥር አይገባም።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ የምርት ቀኑ በሽያጭ ደረሰኝ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢጻፍ ሻጩን የሚያስወጣው የአንድ መስመር ቀለም ብቻ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ግዢዎችም በጨረታ ሰነዳቸው ላይ «አዲስ ጎማ» ብለው ከማለፍ ይልቅ ከምርት ቀኑ ስንት ወር ያላለፈው እንደሚፈልጉ ቢገልጹ ይበጃል። ሁለተኛው ዋጋን ይመለከታል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ የብር ዋጋ ሲወርድ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ተወደደ፤ ከዚያ በፊት የገባ ክምችት በአንጻሩ ረክሶ ይታያል። በአሮጌ ዋጋ የሚሸጥ ጎማ አሮጌ ጎማ መሆኑ ግን ቅናሹ ሲሰላ አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ልኩ ከየት ይገኛል

ከ1952 መጨረሻ ጀምሮ ቮልስ የሚጠቀመው ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ሲሆን የመጀመሪያው ጎማው 5.60-15 የሚል ልክ ነበረው። ይህ ክሮቹ በአግድም የሚጣረሱበት ባያስ ጎማ ነው። ኋላ ላይ ራዲያል ሲለመድ 155 እና 165 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ባለ 15 ኢንች ጎማዎች ተተኩ። ዛሬ ለመደበኛ አገልግሎት የሚመረጠው 165R15 ወይም 165/80R15 ነው።

ችግሩ ይህ ልክ በዘመናዊ መኪኖች ላይ የለም ለማለት የሚያስደፍር መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ የጎማ ሱቆች ባለ 15 ኢንች ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ለቶዮታ ኮሮላ የሚሆነው 195/65R15 ነው። «ያው 15 ነው» የሚለው ማባበያ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሮቹን ማየት ይበቃል። የ165R15 ዲያሜትር 652 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የ195/65R15 ደግሞ 635 ገደማ ነው። ልዩነቱ ወደ 2.6 በመቶ ስለሆነ መኪናው በእውነት 80 ሲሄድ የፍጥነት መለኪያው 82 አካባቢ ያሳያል፤ ይህ ብቻ ቢሆን በታለፈ። ዋናው ግን ቸርኬው ነው። 195/65R15 ቢያንስ 5.5 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል፤ የቮልስ ቸርኬ 4 ወይም 4.5 ኢንች ነው። ሰፊው ጎማ በጠባቡ ቸርኬ ላይ ሲታሰር ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይጎብጣሉ፤ ኩርባ ላይ ጠርዙ ከመቀመጫው ሊሸሽ ይችላል። ሞተሩ በስተኋላ ለሆነና የኋላ እግሮቹ በኩርባ ላይ ወደ ውስጥ ለሚታጠፉበት መኪና፣ በተለይም ከ1960ዎቹ መጨረሻ በፊት ለተሠራው፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ትክክለኛውን ልክ ዛሬም የሚያመርቱ አሉ። ሚሽላን ለአሮጌ መኪኖች የለያቸውን ጎማዎች በቀድሞ ቅርጻቸው ያመርታል፤ በአሜሪካ ቴነሲ የሚገኘው ኮከር ታየር ባያሶቹን ጭምር ያቀርባል። እነዚህ ግን በብዛት የሚሸጡ ስላልሆኑ በየጊዜው ጥቂት እየተመረቱ መጋዘን የሚቆዩ ናቸው። ስለዚህ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ገንዘብ ከመላኩ በፊት የአራቱን አኃዝ ፎቶግራፍ መጠየቁ ጥርጣሬ ሳይሆን የተለመደ አሠራር ሊሆን ይገባል። ሶማሌ ተራ ስንት የቮልስ ዕቃ አውጥቶ ለባለቤቱ እንዳደረሰ ይታወቃል፤ ጎማ ግን እንደ ፋኖስ ወይም እንደ በር እጀታ «ኦርጅናል» በመሆኑ የሚመረጥ ዕቃ አይደለም። ከመኪናው ጋር አብሮ የመጣው ጎማ ለሙዚየም እንጂ ለመንገድ አይሆንም።

ባያስና ራዲያልን መቀላቀል ሌላው ስሕተት ነው። በአንድ መጥረቢያ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ማሰር በፍጹም አይገባም። ሁለት ራዲያል ብቻ ከተገኘ ወደ ኋላ ይታሰራል እንጂ ወደ ፊት አይሆንም፤ ፊቱ ከኋላው የበለጠ ከያዘ መኪናው በኩርባ ላይ ጅራቱን ይጥላልና።

ማሰርና ግፊት

ዘመናዊ ቱብለስ ጎማ ጠርዙን በቦታው የሚያቆይለት ጉብታ በቸርኬው ላይ እንዲኖር ይጠብቃል። የአሮጌው ቮልስ ቸርኬ ይህ ጉብታ የለውም፤ ብዙ ጊዜም በዝገት ተበልቷል። ስለዚህ ከመነዳሪ መጨመር በዚህ መኪና ላይ ተገቢ ይሆናል፤ ነገር ግን ለራዲያል የሚሆንና በልኩ የተሠራ፣ እንደ ጎማው ሁሉ አዲስ መሆን አለበት። ጎሚስታው ከማስገባቱ በፊት የጎማውን ውስጥ በእጁ ዳሶ የተለጠፈ ወረቀት ካለ ማንሣት ይኖርበታል፤ ወረቀቱ ከመነዳሪውን እየፈገፈገ ይበሳዋል።

የቮልስ የፊትና የኋላ ግፊት እኩል አይደለም። እንደ ጎማው ዓይነት ለፊት ከ16 እስከ 18፣ ለኋላ ከ24 እስከ 27 ፒ.ኤስ.አይ. ይሞላል። በየነዳጅ ማደያው አራቱንም 30 መሙላት የተለመደ ቢሆንም በዚህ መኪና ላይ የፊት ጎማ መያዝን ይቀንሳል።

ስኮርታውም ከፊት ሽፋን ሥር ተቀምጦ ያረጃል። ከላይ የተጠቀሰው የአሜሪካ ጥናት መንገድ ያልነካ ስኮርታም ንፋስ ተሞልቶ በመቀመጡ ብቻ ላስቲኩ እንደሚደክም አመልክቷል። በቮልስ ላይ ጉዳዩ አንድ ተጨማሪ ገጽታ አለው፦ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በብዙዎቹ ላይ የፊት መስተዋት ማጠቢያው ውኃ የሚገፋው ከስኮርታው በሚመጣ አየር ነው። ለዚህ ሲባል ስኮርታው ከሌሎቹ በላይ ይሞላል፤ ግፊቱ ሲወርድም አንድ ቫልቭ ቀሪውን አየር ይዘጋል። በከፍተኛ ግፊት ለዓመታት የሚቀመጠው ጎማ እንግዲህ ማንም ቀኑን አይቶለት የማያውቀው ይሆናል። ለቮልስ ጎማ ሲታዘዝ አራት ሳይሆን አምስት፣ ከተቻለም ከአንድ ሳምንት ምርት የሆኑ አምስት ቢታዘዙ ይመረጣል።